ጥርጣሬው የአሰልጣኝ፣ ዕዳው የሯጭ

የሩጫ አሰልጣኙ አልቤርቶ ሳላዛር በዶፒንግ (አቅም ለማሳደግ በተከለከሉ መድኃኒቶችና ዘዴዎች መጠቀም) ጉዳይ የታገደበት ዜና የወጣው የዶሃው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና ገና ሳይገባደድ፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2019 ነበር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሁለት ቀን በፊት እርሱ የሚያሰለጥናት ሲፋን ሀሰን የ10,000 ሜትሩን ወርቅ አጥልቃለች፤ ለተሰንበት ግደይም እግር በእግር ተከትላት ብሩን ወስዳለች። የአሰልጣኙ የመግቢያ ፈቃድ ወዲያው ተሰረዘ። ሲፋን ግን ውድድር ቀርቷት ነበርና ቆየች። ኦክቶበር 5 የ1,500 ሜትሩን ፍጻሜ በ3 ደቂቃ ከ51.95 ሰከንድ ጨረሰች፤ ፌይዝ ኪፕዬጎን ሁለተኛ፣ ጉዳፍ ፀጋይ ሦስተኛ ሆኑ። በአንድ የዓለም ሻምፒዮና እነዚህን ሁለት ርቀቶች ደርቦ ያሸነፈ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ከመጨረሻው መስመር ወዲያ የጠበቋት ጋዜጠኞች ግን የሚበዙት የጠየቋት ስለ ሩጫው ሳይሆን ስለ ሳላዛር ነበር። እርሷም ተበሳጭታ፣ ከፈለጉ በየቀኑ መጥተው ይመርምሩኝ አለቻቸው።

ያን ውድድር ከጓደኞቼ ጋር ሆነን ነው ያየነው። ሲፋን አዳማ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ ኔዘርላንድ የተሰደደች ናት። ስለዚህ እርሷ በሮጠች ቁጥር እኛ ዘንድ ክርክር አይጠፋም፤ ግማሹ «የእኛው ልጅ» ብሎ ይኮራል፣ ግማሹ ልጆቻችንን ቀደመችብን ብሎ ያኮርፋል። ያን ዕለት ግን ወሬው ሌላ መልክ ያዘ። ከመካከላችን አንዱ «ከአህያ የዋለች ጊደር…» ብሎ ተረቱን ሳይጨርስ ተወው። ቀሪውን ሁሉም ስለሚያውቀው ተሳቀ።

እኔም ስቄያለሁ፤ ተረቱ ያስቃል። ወደ ቤት ስመለስ ግን ነገሩ ይከነክነኝ ጀመር። ምክንያቱም ሲፋን ላይ በምርመራ የተገኘ አንዳች ነገር አልነበረም፤ እስከ ዛሬም የለም። ወደ ሳላዛር ቡድን የገባችው በ2016 መጨረሻ ነው። ምርመራው እርሷ ከመግባቷ በፊት ስለነበረው ጊዜ መሆኑንም በዚያው ሰሞን በይፋ ተናግራለች። ታዲያ የአሰልጣኙ ጉድ ሲወጣ ማይክራፎኑ የተደቀነው ለምን በእርሷ አፍ ላይ ሆነ?

ሳላዛርን ለማያስታውስ ጥቂት ልበል። ኩባ፣ ሀቫና ተወልዶ አሜሪካ ያደገ፣ ከ1980 እስከ 1982 የኒው ዮርክ ማራቶንን ሦስት ዓመት በተከታታይ፣ በ1982 ደግሞ የቦስተንን ማራቶን ያሸነፈ ስመ ጥር ሯጭ ነበር። በ2001 በናይኪ ገንዘብ «ኦሪገን ፕሮጀክት» የተባለውን ቡድን መሠረተ። ሐሳቡ አሜሪካውያን ሯጮችን ከእኛና ከኬንያውያን ጋር ትከሻ ለትከሻ ማሰለፍ ነበር። ተሳክቶለታል። በ2012 ለንደን ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትሩን ፍጻሜ ያየ ኢትዮጵያዊ አይረሳውም፤ ሁለቱ የሳላዛር ልጆች እንግሊዛዊው ሞ ፋራህና አሜሪካዊው ጌለን ረፕ አንደኛና ሁለተኛ፣ ታሪኩ በቀለ ሦስተኛ፣ ቀነኒሳ አራተኛ።

በ2015 ቢቢሲና ፕሮፐብሊካ የተባለው የአሜሪካ የምርመራ ጋዜጠኝነት ተቋም የቡድኑን ገመና ይዘው ወጡ። ከተናገሩት መካከል የሳላዛር ረዳት የነበረው ስቲቭ ማግነስና በቡድኑ ውስጥ የሮጠችው ካራ ጋውቸር ይገኙበታል። የአሜሪካ ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲ ዓመታት የፈጀ ምርመራ አካሂዶ የደረሰበት ነገር ሲነበብ ያስደምማል። ሳላዛር በገዛ ወንዶች ልጆቹ ገላ ላይ ቴስቶስትሮን የተባለውን፣ ለሯጭ የተከለከለ የወንድ ሆርሞን ቅባት እያስቀባ፣ ምን ያህሉ ሲቀባ በሽንት ምርመራ እንደሚታወቅ አስለክቷል። ይህን ያደረግኩት አንድ ተንኮለኛ ሯጮቼን በእጁ ዳብሶ እንዳያስይዝብኝ ስለፈራሁ ነው ብሏል። ደግሞም ኤል-ካርኒቲን የተባለ ንጥረ ነገር በደም ሥር እየተንጠባጠበ እንዲገባ አድርጎ ማግነስ ላይ ሞክሯል። ንጥረ ነገሩ ራሱ የተከለከለ አይደለም። የተከለከለው አገባቡ ነው፤ በጊዜው ሕጉ የሚፈቅደው በስድስት ሰዓት ውስጥ 50 ሚሊ ሊትር ብቻ ነበር፣ ማግነስ የወሰደው ግን ከዚያ እጅግ የበዛ ነው። ሳላዛር በውጤቱ ከመደሰቱ የተነሳ የምሥራቹን በኢሜይል ከላከላቸው ሰዎች አንዱ ኋላ በዶፒንግ ዕድሜ ልክ የታገደው ብስክሌተኛው ላንስ አርምስትሮንግ ነበር። ከሰው ሁሉ መርጦ እርሱን! በመጨረሻም የምርመራውን ሂደት ለማደናቀፍ መሞከሩ ተደርሶበት፣ በአንድ ላይ አራት ዓመት ታገደ። አብሮት ይሠራ የነበረው ሐኪም ጄፍሪ ብራውንም እንዲሁ። ናይኪ ቡድኑን በኦክቶበር 2019 ዘጋው።

የልጆቹ ነገር እስካሁን አይገባኝም። አንድ አባት የልጆቹን ጀርባ ቅባት እየቀባ ሽንታቸውን ወደ ላቦራቶሪ የሚልከው ወይ በጣም ፈርቶ ነው፣ ወይ በጣም አስልቶ ነው። ምናልባት ሁለቱም።

በ2021 ዓለም አቀፉ የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት እገዳውን አጽንቶታል። ያው ፍርድ ቤት ግን ጥፋቶቹ በውድድር ላይ በቀጥታ ያደረሱት ተጽዕኖ እንደሌለ፣ በቡድኑ ታላላቅ ሯጮች ላይ ስላመጡት ለውጥም የቀረበ ማስረጃ እንዳልነበረ ጽፏል። በሳላዛር ላይ የተፈረደው በኢሜይል፣ በሰነድና በሰው ምስክርነት ነው። ከሯጭ ሽንት ወይም ደም የመጣ ማስረጃ አልነበረም።

ይህን ልብ ያላለ ሰው የአሰልጣኞችን ጉዳይ አይረዳውም። የፀረ ዶፒንግ ሥርዓቱ የተሠራው ለሯጭ ገላ ነው። አንዲት የምርመራ ቋት ውስጥ የገባች ሯጭ በየቀኑ አንድ ሰዓት የት እንደምትገኝ አስቀድማ ታስመዘግባለች፤ ብትቀየር ታሳውቃለች። በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ከታጣች፣ ምንም ሳይገኝባት ትታገዳለች። ሽንት የምትሰጠው ሴት መርማሪ ቆማ እያየቻት ነው። ደሟ ከ2009 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ባዮሎጂካል ፓስፖርት ውስጥ ለዓመታት እየተመዘገበ ይነጻጸራል። ይህ ፓስፖርት የመጣው በተለይ በኢ.ፒ.ኦ. ምክንያት ነው። ኢ.ፒ.ኦ. ኩላሊት በተፈጥሮ የሚያመነጨው ሆርሞን ሲሆን፣ መቅኔ ቀይ የደም ሕዋሳትን እንዲያመርት ያዛል። በቆጂና ሱሉልታ ላይ የሚኖር ሰው ከከፍታው ስስ አየር የተነሳ ይህን ከገዛ ገላው ያገኘዋል። በላቦራቶሪ የተሠራው ግን በመርፌ የሚገባ ነው፤ በጥቂት በጥቂቱ ማታ የተወጋ ሰው በማግስቱ ሊያመልጥ ስለሚችል መርማሪዎቹ በሌሊት ሁሉ በር ያንኳኳሉ።

አሰልጣኙ በዚያ ሌሊት ተኝቷል። ለአሰልጣኝ የሚሆን የሽንት ጠርሙስ የለም። ሕጉ አልረሳውም፤ ለሯጭ የተከለከለ ነገር የሰጠ ሰው ከአራት ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ይታገዳል፣ ከ2015 ወዲህ ደግሞ ከታገደ አሰልጣኝ ጋር መሥራት ራሱ ሯጩን ያስቀጣል። ከአንድ በላይ ሯጮቹ የተያዙበት አሰልጣኝም በቀጥታ እንዲመረመር ተደንግጓል። ነገር ግን ሰጠ የተባለው ሰው መስጠቱን የሚናገር አፍ ያስፈልጋል፤ ያ አፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንጀራው በአሰልጣኙ እጅ ያለ ሰው አፍ ነው። ስለዚህ ሯጭ ወይ ተይዛለች ወይ አልተያዘችም፤ አሰልጣኝ ግን ለዓመታት «ይጠረጠራል» በሚል ቃል ውስጥ መኖር ይችላል። እየኖረም ያሠለጥናል።

ወደ ራሳችን ቤት ልምጣ። ሶማሊያዊው ጃማ አደን በመካከለኛ ርቀት ዓለም ካፈራቻቸው ስመ ጥር አሰልጣኞች አንዱ ነው። አልጄሪያዊው ታውፊቅ ማክሉፊ በ2012 የ1,500 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ ሲያገኝ አሰልጣኙ እርሱ ነበር፤ ሱዳናዊው አቡበከር ካኪና ጅቡቲያዊው አያንለህ ሱሌማንም በእርሱ እጅ አልፈዋል። የእኛዋ ገንዘቤ ዲባባም እንዲሁ። በ2014 ፌብሩዋሪ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት የቤት ውስጥ ክብረ ወሰኖችን ስትሰብር፣ ጁላይ 17 ቀን 2015 ሞናኮ ላይ 1,500 ሜትርን በ3:50.07 ስትሮጥ አሰልጣኟ ጃማ ነበር። ሞናኮ ላይ የወደቀው ክብረ ወሰን ቻይናዊቷ ቹ ዩንሺያ ከ1993 ጀምሮ ይዛው የቆየች ነው። የዚያኑ ዓመት ገንዘቤ የዓለም ምርጥ ሴት አትሌት ተባለች።

ጁን 20 ቀን 2016 የካታሎኒያ ፖሊስ ባርሴሎና አጠገብ ባለችው በሳባዴል ከተማ የጃማ ቡድን ያረፈበትን ሆቴል ፈተሸ። ከፖሊሱ ጋር የስፔን ፀረ ዶፒንግ ሰዎችና የዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን መርማሪዎች ነበሩ። ኢ.ፒ.ኦ.ን ጨምሮ የተከለከሉ ቅመሞች ተገኝተዋል ተባለ። አሰልጣኙና አንድ የቡድኑ ፊዚዮቴራፒስት ታሰሩ፤ ሆቴሉ ውስጥ የነበሩ ሯጮች ለምርመራ ናሙና ሰጡ። ጃማ ክሱን አስተባበለ፣ በዋስ ተለቀቀ፣ ጉዳዩም ዓመታት ተጎተተ። ከቡድኑ ጋር ሠርተው ከዚያ በፊት የታገዱ ሯጮች እንደነበሩ ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ፈረንሳዊቷ ላይላ ትራቢ ኢ.ፒ.ኦ. ተገኝቶባታል፣ የኳታሩ ሀምዛ ድሪውሽ በደም ፓስፖርቱ ታግዷል። ገንዘቤ ላይ ግን አንድም ነገር አልተገኘም። በኦገስት ሪዮ ሄዳ በ1,500 ሜትር ብር አመጣች።

ያን ክረምት ኢትዮጵያ ውስጥ የተባለውን አስታውሳለሁ። በአንድ በኩል «ቅናት ነው፤ ነጭ አሸናፊነታችንን አይወድም» የሚል ነበር። በሌላ በኩል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሳት በሌለበት ጭስ አይኖርም» የሚል። ሁለቱም ወገን ስለ ገንዘቤ ነበር የሚያወራው። ስለ ጃማ አደን የሚጠይቅ ብዙ አልነበረም፤ ማን መረጠው፣ ኮንትራቱን ማን አየ፣ ከቡድኑ ሯጮች ሲታገዱ እዚህ ያለ ኃላፊ አንድ ደብዳቤ ጻፈለት ወይ የሚል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው (ዛሬ አህያ በዛብኝ፣ አንባቢ ይታገሰኝ)።

የሩጫው ዓለም በአሰልጣኝ ላይ ያለውን ጥርጣሬ በሯጭ ሲያወራርድ ግን ያ የመጀመሪያው አይደለም። በ1993 ማ ጁንረን የተባለ ቻይናዊ አሰልጣኝ የገጠር ልጃገረዶችን ሰብስቦ የሴቶችን ክብረ ወሰን እንዳልነበረ አድርጎታል። ዋንግ ጁንሺያ 10,000 ሜትርን በ29:31.78 ስትጨርስ የቀድሞውን ክብረ ወሰን በ42 ሰከንድ ገደማ ነው የቀነሰችው። ምስጢሩን ሲጠየቅ የኤሊ ደምና ከትል ላይ የሚበቅል ፈንገስ ይል ነበር። በ2000 ከሲድኒ ኦሊምፒክ በፊት የደም ምርመራ ውጤታቸው አላምር ያለ ስድስት ሯጮቹ ከእርሱ ጋር ከቻይና ቡድን ተቀነሱ። በ2016 ደግሞ ዋንግና ጓደኞቿ ከሃያ ዓመት በፊት ጽፈውታል የተባለ ደብዳቤ ቻይና ውስጥ ይፋ ሆነ፤ የተከለከለ መድኃኒት እንወስድ ዘንድ ተገደናል ይላል። ደብዳቤው እውነት ከሆነ፣ እነዚያ ዓለም ሲያላግጥባቸው የኖሩ ሴቶች ያን ጊዜ ከክፍላቸው ተቀምጠው እየለመኑ ነበር።

የዋንግን ክብረ ወሰን የሰበረችው አልማዝ አያና ናት፤ ኦገስት 12 ቀን 2016፣ ሪዮ፣ 29:17.45። እኔ ያን ሩጫ እስካሁን አልጠገብኩትም። ገና ከአጋማሹ ብቻዋን ወጥታ፣ ቪቪያን ቼሩዮትንና ጥሩነሽን ከኋላዋ ትታ፣ አንድ ጊዜም ዘወር ሳትል። ጥርጣሬው የመጣው ከመስመሩ ሳትርቅ ነው። አብራት የሮጠች አንዲት ስዊድናዊት አላምንም አለች። ጋዜጠኞቹ ሲጠይቋት አልማዝ፣ የእኔ ዶፒንግ ልምምዴና ኢየሱስ ነው ብላ መለሰች። ብዙ ሰው በመልሱ ቀለደ። ግን ምን ትበል? ናሙናዋን ሰጥታለች፤ ውጤቷ ንጹሕ ነው። ንጹሕ መሆንን የሚያሳይ ከዚያ የበለጠ ወረቀት ዓለም አልፈጠረም። የሰበረችው ክብረ ወሰን በአንድ አሰልጣኝ ምክንያት የተበከለ ስለነበር፣ እርሷም ከእርሱ በላይ በመሮጧ ብቻ ተበክላ ተቆጠረች። የማ ጁንረን ጥላ ከሃያ ሦስት ዓመት በኋላ በሌላ አገር ልጅ ላይ አረፈ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ብሂል ሕዝባችን የሚወደውን ያህል አሰልጣኝ ላይ ሲደርስ ይረሳዋል። ይህ የመጣው ከመልካም ታሪክ ነው። አበበ ቢቂላን ያሠለጠነው ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን፣ ከዚያም ንጉሤ ሮባ፣ ከዚያም ደራርቱን፣ ኃይሌንና ቀነኒሳን ያሳደጉት ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ፤ በቆጂ ላይ ደግሞ ከትምህርት ቤት ሜዳ ተነስቶ የኦሊምፒክ ባለወርቆችን ያፈራው ስንታየሁ እሸቱ። እነዚህ ሰዎች የልጆቹን ጫማ ገዝተዋል፣ ሲታመሙ አስታመዋል፣ ከወላጅ ጋር ተከራክረው ልጅ ከጋብቻ አስጥለዋል። ዶክተር ወልደመስቀል ያረፉት በሜይ 2016፣ ከሳባዴሉ ፍተሻ አንድ ወር ቀደም ብሎ ነው። እርሳቸውን የቀበረ ሕዝብ «አሰልጣኝ» የሚለውን ቃል በጥርጣሬ ሊሰማው ይቸግረዋል። ይገባኛል። ግን አባት የተባለ ሁሉ አባት አይደለም፤ እንደ አባት መታየት ደግሞ ለክፉ ሰው የሚመች ወንበር ነው።

አንዲት የአክስቴ ልጅ በአንድ ክለብ ውስጥ ትሮጣለች። ስሟንም ክለቡንም አልጠቅስም። ባለፈው ዓመት ሱሉልታ ከልምምድ በኋላ ልጠይቃት ሄጄ፣ የትራክ ቱታዋን ኪስ ስትፈትሽ የስልኳ ቻርጀር ከአንድ የክኒን ዝርግ ጋር ተጠላልፎ ወጣ። ዝርጉ በመቀስ የተቆረጠ ነው፤ ስሙ የተጻፈበት ጎን የለም፤ የቀሩት ጥቂት ቡናማ ክኒኖች ብቻ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኳት።

«የደም ነው።»

«ማን ሰጠሽ?»

«ኮች ናቸው።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

«የማን? የክኒኑ?» ብላ አየችኝ። «ጋሼ ደግሞ! እሳቸው የሰጡኝን እኔ እጠይቃለሁ እንዴ?»

አንድ ክኒን ለምኜ ወስጄ ለማውቀው ፋርማሲስት አሳየሁት። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየውና፣ በቅርጹና በቀለሙ ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ይመስላል አለኝ። ከፍታ ላይ ለምትሮጥ ሴት ብረት መስጠት ተገቢ ነገር ነው፤ አሰልጣኙ ጥሩ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም። የአክስቴ ልጅ ግን የምትውጠው ብረት ይሁን ሌላ ነገር የምታውቅበት መንገድ የላትም። ሕጉ ደግሞ ይህን አይሰማም። ገላዋ ውስጥ ለሚገኘው ሁሉ ተጠያቂዋ እርሷ ናት፤ አሰልጣኜ ሰጥቶኝ ነው ማለት ቅጣቱን ቢያቀልላት እንጂ ነጻ አያወጣትም። ስሟ የተቆረጠ ክኒን እንዳትወስድ፣ ማሸጊያውን ሳታይ እንዳትውጥ ነግሬያታለሁ። እሺ ብላኛለች። በማግስቱ ከአሰልጣኟ ፊት ቆማ «ማሸጊያውን ያሳዩኝ» ትላለች ብዬ ግን አልገምትም። ቤተሰቧ ከእርሷ በሚላክ ብር ይኖራል፤ ለውድድር ማን እንደሚሄድ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

መንግሥት ዝም አላለም። በማርች 2016 የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ኢትዮጵያን ከኬንያ፣ ከሞሮኮ፣ ከዩክሬንና ከቤላሩስ ጋር የምርመራ ሥርዓታቸው እጅግ ከሚያሰጋ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ሲከታት፣ በጥድፊያ ምርመራ ተጀመረ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ፀረ-ዶፒንግ ባለሥልጣን የሚባለው መሥሪያ ቤትም ሥራውን ያዘ። የወንጀል ሕጋችንም ዶፒንግን የሚመለከት አንቀጽ አለው። ከዚያ ወዲህ የታገዱ ልጆቻችን ስም በየጊዜው ይሰማል፤ ፀሐይ ገመቹ በደም ፓስፖርቷ አራት ዓመት፣ ዘርፌ ወንድማገኝ በኢ.ፒ.ኦ.ና በቴስቶስትሮን አምስት ዓመት። እንዲህ ያለውን ዜና በሬዲዮ ስሰማ አንድ ነገር አስተውላለሁ። ልጅቷ ያሸነፈች ዕለት ጋዜጠኛው «የአሰልጣኝ እገሌ ፍሬ» ይላል፣ አሰልጣኙም ቀርቦ ስለ ፕሮግራሙ ይተነትናል። የታገደች ዕለት የሚነበበው የእርሷ ስም፣ የመድኃኒቱ ስምና የዓመቱ ቁጥር ነው። አሰልጣኙን ስልክ የሚደውልለት የለም። አጥፍቷል እያልኩ አይደለም። ግን ቢያንስ ይጠየቅ። አላውቅም ነበር ካለም፣ እንዴት እንዳላወቀ ያስረዳ።

ላያውቅ ይችላል፤ ይህንንም መካድ አይገባም። ኬንያዊቷ ሪታ ጄፕቱ የቦስተን ማራቶንን በ2006፣ በ2013ና በ2014 አሸንፋ፣ በ2014 መጨረሻ በኢ.ፒ.ኦ. ተያዘች። ወሬው ወዲያው ወደ ጣሊያናውያን ማናጀርና አሰልጣኟ ዞረ፤ ኬንያ ውስጥም ብዙ ተባለባቸው። በ2016 የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ እገዳዋን ከሁለት ወደ አራት ዓመት ሲያሳድግ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ወደ ሐኪሙ ስትመላለስ ከማናጀሯና ከአሰልጣኟ መደበቋ ነበር። ሯጭም ታታልላለች ማለት ነው። አሰልጣኝን መጠርጠር ተገቢ የሚሆነው ሊጣራ እስከሆነ ድረስ ነው፤ ካልተጣራ ሐሜት ነው፣ ሐሜት ደግሞ አሰልጣኙንም ሯጯንም እኩል ያቆሽሻል።

በጄፕቱ ጉዳይ የከፈለችው ሌላ ሴት ናት፤ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ የምትኖረው ብዙነሽ ዴባ። ባሏ የሚያሠለጥናት ኢትዮጵያዊት ስትሆን፣ በ2014 ቦስተን ላይ በ2:19:59 ሁለተኛ ገባች። አበባውን፣ ፎቶውን፣ ብሔራዊ መዝሙሩን፣ ሽልማቱን ሌላ ሰው ወሰደው። ጄፕቱ ስትሰረዝ፣ በ2016 መጨረሻ ብዙነሽ የ2014 ቦስተን አሸናፊ መሆኗ ተነገራት፤ ሰዓቷም በሴቶች የውድድሩ ክብረ ወሰን ሆኖ ተመዘገበ። ለአሸናፊነትና ለክብረ ወሰን የሚከፈለው ቀሪ 100,000 ዶላር ግን ለዓመታት አልመጣም። አዘጋጆቹ ጄፕቱ የወሰደችውን ካልመለሰች አንከፍልም የሚል አቋም ያዙ። ጄፕቱ አልመለሰችም። በሯጭ ዕድሜ ማርጀት የሚጀመርበት ጊዜ አለ፤ የብዙነሽ ያ ጊዜ በመጠበቅ አለፈ። በ2024 ታሪኳ አሜሪካ ውስጥ በጋዜጣ ሲወጣ አንብቦ 75,000 ዶላር የላከላት አንድ የማያውቃት፣ ከዚህ ነገር ጋር ምንም ግንኙነት ያልነበረው አሜሪካዊ ነው።